በር ላይ የቆመ ስም

ሰኞ ጧት ጫኞች የድንች ዘር ሊያወጡ ሲመጡ፣ በጋፋት መንገድ ዳር ያለው የገበሬዎች ማኅበር ቀዝቃዛ መጋዘን እንደ ወትሮው ተዘግቶ ነበር። የኮምፒዩተር ባለሙያው ሰዒድ ከበሩ ጎን ባለው ሰሌዳ ላይ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ጻፈና ከፈተው። መጀመሪያ ብርዱ ወጣ። ከብርዱ ቀጥሎ ጫማ ታየ፤ ጫማው ውስጥ እግር ነበረ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙሉቀን በሸሚዝ ብቻ ተደፍተዋል። ቀኝ እጃቸው ከበሩ በስተውስጥ ወዳለው ሁለተኛ ሰሌዳ ተዘርግቷል። የጣቶቻቸው ጫፍ ተላልጧል። ሰሌዳው ላይ በቀይ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር ይበራ ነበር።

ኢንስፔክተር ዓለሚቱ ደርሳ መስመሩን ድምፅ አውጥታ ተረጎመችው። «መለያዎ ተቆልፏል። አስተዳዳሪውን ያነጋግሩ።»

«የደብረ ታቦርን ብርድ የለመደ ሰው በብርድ ይሞታል?» አለ ሳጅን ዘውዱ ኮፍያውን አውልቆ።

«ብርዱ ብቻ አይደለም» አለ ከጤና ጣቢያ የመጣው ሐኪም። «ድንች እንደ ሰው ይተነፍሳል። አየር ማስገቢያው ሲዘጋ ክፍሉ ይታፈናል። እሳቸው ደግሞ አስም ነበረባቸው። ከትናንት አላለፉም።»

ዓለሚቱ ከሬሳው ቀና ብላ የበሩን ውፍረት በመዳፏ ለካችው። ስልክ አይሠራበትም፣ ጩኸት ከበሩ ርቆ አይሰማም። ሕንድ አገር ፑኔ ከተማ ኮምፒዩተርና ወንጀል አጥንታ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። በተመለሰች በሳምንቱ ይህ ከተማ ጠበባት፤ እዚያ ሳለችም ያ ከተማ ጠቧት ነበር። የማትጠራጠረው ነገር ጥቂት ነው።

ሰዒድ ቢሮው ገብቶ ኮምፒዩተሩ ያስቀመጠውን ምልክት አነበበላት። ቅዳሜ ወደ ማታ አንድ ሰው በውጭው ሰሌዳ በአቶ ሙሉቀን ስም ሦስት ጊዜ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ጽፏል። መለያቸው ተቆልፏል። ቀጥሎ በዘር ክፍል ኃላፊዋ በማስተዋል ስም ተገብቷል፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው ተሳክቷል። ከዚያ በሩ ተዘጋ፣ አየር ማስገቢያው ተዘጋ፣ ብርዱ ወደ መጨረሻው ወረደ።

«እና አቶ ሙሉቀን ውስጥ ሆነው ትክክለኛውን የይለፍ ቃላቸውን ሲጽፉ…»

«ሥርዓቱ አይሰማቸውም። እኔ ካልፈታሁት በቀር።»

«ካሜራውስ?»

ሰዒድ አንገቱን አከከ። «የካሜራውን የይለፍ ቃል የቀድሞው ባለሙያ ይዞት ሄደ። ስልኩን ቀይሯል። ካሜራው ያያል፤ ያየውን ግን ለማንም አይናገርም።»

«እንግዲህ ገዳይዋ ማስተዋል ናት» አለ ዘውዱ። «ማሽን አይዋሽም።»

«አይዋሽም። የነገሩትን ይደግማል እንጂ።»

የግቢው ዘበኛ ዳኛቸው ከዋናው በር አጠገብ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ሽበት የገባው፣ ቀጥ ያለ ሰው ነው።

«አያ ዳኛቸው፣ ቅዳሜ ማታ ማንን አዩ?»

«ማንንም፣ እመቤት። አቶ ሙሉቀን ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዘኑን ዞረው ያዩና በጓሮ በር ወጥተው ባሕር ዳር፣ ቤተሰባቸው ዘንድ ይሄዳሉ። እንደዚያው መስሎኝ። የጓሮውን ቁልፍ ደግሞ ማስተዋልም አላት።»

«ባለፈው ግንቦት እዚሁ ክፍል ውስጥ የሞተውን ልጅ ያውቁት ነበር?»

«ጫኝ ነበር አሉ። ጫኝ ብዙ ነው፤ ሁሉን በስም ማን ያውቃል? ያኔ እኔ ፈቃድ ወጥቼ ነበር።»

ከውጭ ጩኸት ተሰማ። የሟቹ ወንድም አስናቀ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከኋላው ሰባት ስምንት ሰው አስከትሎ መጥቷል። አላለቀሰም። ይህ ዓለሚቱን ከልቅሶ ይበልጥ አሳሰባት።

«ስሟን ሰምቻለሁ» አላት። «እናንተ እሰሯት፤ እስር ቤት ምግብ አለ፣ መኝታ አለ። እሷ ግን ወንድም አላት አይደል? ኮሌጅ ነው የሚማር። እኔ ወንድም አልነበረኝም?»

«አቶ አስናቀ፣ ይህን ፖሊስ ፊት ነው የሚሉት።»

«ፖሊስ ፊት ነው የምለው። ሠልስቱ እስኪወጣ እታገሣለሁ። ገዳዩን በስሙ ጠርታችሁ ካልነገራችሁኝ፣ ኮምፒዩተሩ የጠራው ይበቃኛል።»

*

ማስተዋል ምርመራ ክፍሉ ውስጥ እጆቿን ጉልበቷ መሐል ቀብራ ተቀምጣለች።

«ቅዳሜ ወደ ማታ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ራሴን አሞኝ ተኝቼ።»

«ማን አይቶሻል?»

«ማንም። ወንድሜ ቤተ መጻሕፍት ነበር።»

«የይለፍ ቃልሽን ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም።»

«ለእኔ ንገሪኝ።»

«አልችልም።»

«ደንቡ ስለሚከለክል? ደንቡን ያወጣው ሰው ሞቷል።»

ማስተዋል አንገቷን ደፋች። «ስለ ደንቡ አይደለም። ያፍሩብኛል።»

«ልጄ፣ አስናቀ ወንድምሽን እየፈለገ ነው። አሁን የማፈሪያ ጊዜ አይደለም።»

የልጅቱ ከንፈር ተላቆ ተመልሶ ገጠመ። ዓለሚቱ ጠበቀቻት። ዘውዱ ኮሪደር ላይ «ጥፋተኛ እንዲህ ነው ዝም የሚል» አላት። ዓለሚቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ልትስማማ ምንም አልቀራትም።

የአምናውን መዝገብ ግን አንብባለች። ይሻው የሚባል፣ ከጉና የመጣ ወጣት ጫኝ ነበር። ከድንች ጆንያው ክምር ኋላ ሆኖ ሲሠራ መዝጊያ ሰዓት ደረሰና በሩ በራሱ ተቆለፈ። ውጭ የነበረችው ማስተዋል ብቻ ናት። የይለፍ ቃሏ ያን ዕለት ወሩ ሞልቶ ጊዜው አልፎበት ነበር። ሥርዓቱ አዲስ አምጪ አላት፤ ያመጣችውን ሁሉ «ድሮ ተጠቅመሽበታል» እያለ መለሰው፤ ከዚያ ቆለፈባት። የሰዒድ ስልክ አልሠራ ሲላት ጎንደር ስብሰባ ላይ ወደነበሩት ሥራ አስኪያጅ ደወለች። እሳቸው «የይለፍ ቃሌን በስልክ አልሰጥም፣ ደንብ ነው፤ እመጣለሁ» አሏት። ሲመጡ ልጁ ደርቋል። መዝገቡ «የሥርዓት ብልሽት» ብሎ ይዘጋል። ማንም አልተከሰሰም።

*

«እኔን ከመጠርጠርዎ በፊት ሻይ ልጋብዝዎት?» አለ ሰዒድ።

«ጠርጥሬሃለሁ። ሻዩን እኔው እከፍላለሁ። በሠራተኛ ፊት አቶ ሙሉቀንን 'ይህ በር አንድ ቀን እርስዎንም ይበላዎታል' ብለሃቸዋል።»

የሰዒድ ፈገግታ ጠፋ። «ብያለሁ። ልጁ ከሞተ በኋላ በውስጥ በኩል ተራ እጀታ ይግጠም አልኩ። ከውስጥ ያለ ሰው ገፍቶ ይውጣ። 'እጀታ ለሌባ ይመቻል' ብለው ከውስጥም ሰሌዳ አስገጠሙ፤ እሱም የይለፍ ቃል ይጠይቃል። እየሞተ ያለ ሰው ፊደል ይቁጠር?»

«ደንቡ ከየት መጣ?»

«ከድሮ። ኮምፒዩተር ቁም ሣጥን ያህል በነበረበት ዘመን የተጻፈ ነው። የተጠቃሚ ስም ከስምንት ፊደል አይበልጥም። የይለፍ ቃል በአማርኛ ፊደል አይጻፍም፣ ክፍተት አይኖረውም፣ በየወሩ ይቀየራል፣ ወሩ ሳይሞላ ደግሞ አይቀየርም፣ ሦስቴ የሳተ ይቆለፋል። ያወጡት አገሮች ራሳቸው ትተውታል እኮ! ረጅም የሆነ፣ ባለቤቱ የማይረሳው ቃል ይበቃል። ካልተሰረቀ ለምን ይቀየራል? በየወሩ ቀይር የተባለ ሰው ምን የሚያደርግ ይመስልዎታል?»

ዓለሚቱ ሻይዋን አማሰለች። «የወሩን ስም ከኋላው ይቀጥልበታል።»

«እርስዎም!»

«የእኔ አሁን የሚያልቀው በጥር ነው።»

«የፖሊስን ምሥጢር አወጡ» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አቶ ሙሉቀን በስብሰባ 'እንዳይጠፋባችሁ የወሩን ስም ጨምሩበት' ብለው መከሩን። የሁላችንንም የይለፍ ቃል ግማሹን በአደባባይ ተናገሩት።»

«ቅዳሜስ የት ነበርክ?»

«ወረታ። የእኅቴ የሙና ኒካህ ነበር። ግማሹ የወረታ ሰው ሩዝ ስደፋ አይቶኛል፤ ግማሹ ደግሞ ስደንስ፤ ያኛውን ባያነሱብኝ እመርጣለሁ። ደግሞ ኢንስፔክተር፣ እኔ ብፈልግ እኮ የማስተዋልን የይለፍ ቃል ማወቅ አያስፈልገኝም። አጥፍቼ አዲስ እሰጣታለሁ። ምልክቱ ይቀራል። ይህ ሰው ምንም አላጠፋም። ያውቀው ነበር። ሁለቴ የሳተው እጁ ስላልለመደው ነው።»

«እሷ ራሷ ደንግጣ ሊሆን አይችልም?»

«ማስተዋል? አንድ ዓመት ሙሉ ጎኗ ቆሜአለሁ። ጨለማ ውስጥ አትስትም። ስትጽፍ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት የምትደግም ነው የሚመስለኝ። ሁላችንም እንስቅባት ነበር።»

ዓለሚቱ ወደ ወረታ ደወለች። የሙሽራው አጎት ስልኩን ሲያነሱ ከሩዙ በፊት ዳንሱን ነገሯት።

*

በማግሥቱ ጧት ዓለሚቱና ዘውዱ ክምር ድንጋይ ከተማ ላይ መኪናውን አቁመው ወደ ጉና በእግር ወጡ። ነፋሱ ከገብስ ማሳው ላይ ገለባ እያነሳ ዓይን ውስጥ ይከታል። የይሻው አባት ሙላቴ ደጃፋቸው ላይ ሞፈር ይጠርባሉ። ቀና ብለው ዩኒፎርሙን አይተው መጥረቢያቸውን አስቀመጡ።

«ሙሉቀን ሞተ አሉኝ» አሉ ሳይጠየቁ።

«ማን ነገረዎት?»

«ነፋሱ። አንቺ ልጄ፣ ዋሽቼ አልነግርሽም። አፌ እልል አላለም፤ ጎረቤት አለ። ልቤ ግን ብሏል።»

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«ጣራ ገዳም። ከዓርብ ጀምሬ ሱባኤ ገብቼ።»

«ምን ሊለምኑ?»

«ይህንኑ።»

ዘውዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባቴ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል።»

«ይባላል። እኔ እያሳልሁም ሰረቅሁ። ባለቤቱ አልነቃብኝም።»

ዓለሚቱ ለገዳሙ በረኛ ደወለች። አንድ መነኩሴ፣ ሙላቴ እሑድ ቅዳሴ እስኪያልቅ ከዋሻው እንዳልተነሡ፣ ማታ ማታም ማልቀሳቸው ሌሎቹን እንዳስቸገረ ነገሯት። አባትየው ከመጠርጠር ወጡ። ዓለሚቱ ግን አልተነሣችም። በዚህ አገር የሞተ ሰው ደም ወደ ዘመድ ይፈሳል፤ አባት ካልመለሰ ሌላ ይመልሳል።

«ወንድም አለዎት? የወንድም ልጅ? አጎት?»

«አንድ ወንድ ልጅ ነበረኝ። ከእሱ ሌላ ወንድ ዘር የለኝም።»

«የእናቱ ወገኖችስ?»

«ፈንታነሽ ብቸኛ ናት። ምን ትቆጥሪያለሽ? ሬሳውን እንኳ ከኋላ እኔ፣ ከፊት የክርስትና አባቱ ነው የተሸከምነው። የቀረው ጎረቤት ነው።»

ዓለሚቱ «ዘመድ የለም» ብላ በልቧ ያዘች። «ማስተዋል ወደዚህ መጥታ ታውቃለች?»

«ያቺ ልጅ? ለቀብሩም መጣች፣ ለአርባውም መጣች። ደጃፌ ላይ ተደፋች። ፈንታነሽ አነሣቻት። እኔ ፊቴን አዞርኩ።» መጥረቢያውን አነሡ። «አሁንም ፊቴን አልመለስኩላትም።»

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ዘውዱ እየተንሸራተተ «እንግዲህ ማን ቀረን? ነገ ሠልስት ነው» አለ። ዓለሚቱ ከፑኔ ያመጣችው ትምህርት አንድ የቤት ሥራ ብቻ ነበር የሰጣት፤ የይለፍ ቃሉን ማን እንደጻፈ ሳይሆን ማን ሊያውቀው እንደሚችል ጠይቂ። ሊያውቅ የሚችል ሰው ለማግኘት ደግሞ መጀመሪያ ቃሉን ማወቅ አለባት።

*

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ማስተዋልን ከእስር ክፍሉ አስወጥታ ፀሐይ ላይ፣ ግቢው ውስጥ አስቀመጠቻት።

«ስትጽፊ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል» አለቻት። «ሰዒድ ዳዊት ነው ይላል። እኔ ዳዊት አይመስለኝም።»

ማስተዋል ዓይኗን ጨፈነች።

«ከይሻው ቤት ነው የመጣሁት» ቀጠለች ዓለሚቱ። «ለአርባው ሄደሻል። ደጃፍ ላይ ወድቀሻል። ለባዕድ እንዲህ አይለቀስም። ቃሉ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው?»

ልጅቱ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠመዘዘች። ከዚያ ቃሉ እንደ ትንፋሽ ወጣ። «ኃይለ ገብርኤል።»

«እሱ ማን ነው?»

«ይሻው። የክርስትና ስሙ ነው። በቁሙ ቤተሰቡ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ፍትሐቱ ላይ ቄሱ ሲጠሩት ሰማሁት። በማግሥቱ ሥራ ገባሁ፤ ሥርዓቱ ደግሞ አዲስ የይለፍ ቃል አምጪ አለኝ። የማልረሳው ነገር አምጪ አለኝ። ምን ልጻፍ? ከዚያ ወዲህ የወሩን ስም እየጨመርኩ በየቀኑ እሱን ነው የምጽፈው። በእሱ ስም ካልሆነ በዚያ በር የመግባት መብት የለኝም።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «የሙት ስም የበር መክፈቻ አደረግሁት ብዬ ለማን ልናገር?»

«በዚያ ቀን ለምን በሩን አልሰበርሽውም?»

«መጥረቢያ አንሥቼ ነበር! አቶ ሙሉቀን በስልክ የመጥረቢያውን ድምፅ ሰሙ። 'ይህን በር ብትነኪ ትታሰሪያለሽ፣ ወንድምሽም ከትምህርት ይባረራል፤ እኔ እመጣለሁ' አሉ። በሩን ከዚያ ማዶ ይመታል። እኔ ከዚህ መጥረቢያውን ይዣለሁ። አስቀመጥኩት።» ነጠላውን ነከሰችው። «በምርመራው ጊዜ ከተናገርሽ ብለው አስፈራሩኝ። በኋላ ለሠራተኛው ሁሉ 'የይለፍ ቃሏን ረስታ ነው' ብለው አወሩ።»

ዓለሚቱ ተነሥታ ወዲህ ወዲያ አለች። ሠራተኛው ሁሉ የማስተዋልን ከንፈር አይቷል፤ ስቆም አልፏል። የማያውቁትን ስም ከሰው ከንፈር ማንበብ አይቻልም። የሚያውቁትን ግን፣ የሚወዱትን ግን፣ ከመስተዋት ማዶም ሆነው ይለዩታል። ያንን ስም ቀድሞ የሚያውቅ ሰው በየቀኑ ያ ሰሌዳ አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ማስተዋል፣ ከመጋዘኑ ሰው ለቀብሩ ማን ሄደ?»

«አቶ ሙሉቀን ቀርተው ገንዘብ ላኩ። ሰዒድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ነበር። እኔ አለሁ። አያ ዳኛቸውም ነበሩ።»

«ዘበኛው? የት ቆመው?»

«ቆመው አይደለም። ሬሳውን ከፊት የተሸከሙት እሳቸው ናቸው እኮ። የአገራቸው ልጅ ስለሆነ ነው ብዬ…»

ዓለሚቱ ቀሪውን አልሰማችም። ሙላቴ በግልጽ ነግረዋታል፤ ከፊት የተሸከመው የክርስትና አባቱ ነው። እሷ ግን ደም ብቻ ስትቆጥር ሕፃኑን ከጥምቀቱ ውኃ የተቀበለውን ሰው ዘላው ሄደች። ያ ሰው ደግሞ ልጁን በስም እንኳ አላውቀውም ብሏታል።

መኪናው ውስጥ ዘውዱን ጠየቀችው። «ዳኛቸው የፈረንጅ ፊደል ይጽፋል?»

«ዳኛቸው? ጦር ሜዳ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። በጣቱ ነበር የሚያወራ።» ዘውዱ ፍሬኑን ረግጦ ዞሮ አያት። «ኧረ በማርያም!»

*

ዘበኛው ከዋናው በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ሲያያቸው አልተነሣም።

«ስለ ኃይለ ገብርኤል ልጠይቅዎት መጣሁ» አለችው ዓለሚቱ።

ዳኛቸው ዱላውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ መሬት አስቀመጠ። «ማን ነገረሽ?»

«ማስተዋል።»

«እሷ ስሙን ትጠራዋለች?»

«በየቀኑ። እርስዎም አይተዋል።»

«አይቻለሁ» አለ ዳኛቸው። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «አንድ ጧት በሩን ስትከፍት ከጎኗ ሆኜ አየሁ። ከንፈሯ ልጄን ሲጠራ። እኔ ነኝ ከካህኑ እጅ የተቀበልኩት፤ እኔ ነኝ በጉና ብርድ በጋቢዬ ጠቅልዬ ለእናቱ የመለስኩት። እዚህ ሥራ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ሲሞት ፈቃድ ወጥቼ ዘመድ ልቅሶ ነበርኩ፣ ለቀብሩ ብቻ ደረስኩ፤ እኔ ብኖር ኖሮ በሩን በጥርሴ እበላው ነበር።»

«ሙሉቀን የይለፍ ቃላቸውን በስልክ ስላልሰጡ ነው?»

«ደንብ ነው አለ። እኔም በደንብ ገደልኩት። ሦስቴ ሳትኩለት፤ በገዛ ደንቡ ተቆለፈ። እያንኳኳ ስሜን ጠራ። 'አያ ዳኛቸው፣ አያ ዳኛቸው' ሲል በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ሰማሁት። ልጄም እንዲህ ነበር ያለው ብዬ እስኪያበቃ አልተነሣሁም።»

ዘውዱ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

«በማስተዋልስ ስም ለምን?» አለች ዓለሚቱ።

«ረሳችው አሉ! አንድ ቃል ረስታ ልጄን አስበላችው። ከዚያ ደግሞ ስሙን ወሰደች። ኮምፒዩተሩ ልጄን ሲገድል ማንም አልከሰሰውም፤ ብልሽት ነው አላችሁ። እስቲ ሲመሰክር ታምኑት እንደሆነ ልይ አልኩ። አመናችሁት።»

«አልረሳችውም፣ አያ ዳኛቸው። መጥረቢያ አንሥታ ነበር። ሙሉቀን ነው ያስጣላት፤ ወንድሟን አስባርራለሁ ብሎ። አሁን አስናቀ ያንኑ ወንድሟን ሊገድል እየዞረ ነው። በእርስዎ እጅ።»

ዳኛቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አነሣ። «መጥረቢያ?»

«የመጋዘኑን መጥረቢያ።»

የመኪና ጥሩምባ በመንገዱ አለፈ። «ካነሣችው በኋላ ለምን አስቀመጠችው?» አለ ቀስ ብሎ።

መልስ ሳይጠብቅ እጁን ዘረጋላት፤ ዘውዱ ካቴናውን አሰረ።

ጣቢያው ደጃፍ ላይ አስናቀ ዱላ ይዞ ከሰዎቹ ጋር ቆሞ ነበር። ዓለሚቱ ከመኪናው ወርዳ ወደ እሱ ሄደች። «ገዳዩን በስሙ ጥሩልኝ ብለዋል። ዳኛቸው ይባላል። ይኸው አምኗል። ማስተዋል የለችበትም፤ ወንድሟም የለበትም።»

አስናቀ ወደ ሽማግሌው ዘበኛ ተጠጋ። «ልጅ አለህ?»

«ነበረኝ» አለ ዳኛቸው። «ወንድምህ አደረቀው። እኔ ወንድምህን አደረቅሁት። ካንተና ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው የለም፤ ጨርሰናል። ዱላህን አስቀምጥ።»

አስናቀ ዱላውን አላስቀመጠም። አልሰነዘረውምም። ሰዎቹ ትከሻውን ይዘው እስኪወስዱት ድረስ የሚመታው አጥቶ እዚያው ቆመ።

*

ሠልስቱ በወጣ ማግሥት ማስተዋል ተፈታች። ወንድሟ ጫማ ይዞላት መጥቷል፤ ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስታጠልቅ አንድ ሽማግሌ ፀሐይዋን ጋረዷት። ሙላቴ ነበሩ። ከጉና ወርደው ዳኛቸውን ጠይቀው መውጣታቸው ነው። ማስተዋል አንዱን ጫማ በእጇ ይዛ ተነሣች።

ዓለሚቱ በመስኮት አይታ ወጣች፤ ሽማግሌው መጥረቢያቸውን ትተው መምጣታቸውን በዓይኗ ፈትሻ።

«ዳኛቸው ነገረኝ» አሉ ሙላቴ ልጅቱን። «መጥረቢያውን አንሥተሽ ነበር አሉ።»

«አባቴ፣ አስቀመጥኩት። ማሩኝ።»

«ለእሱ አልመጣሁም። ያንን እግዜርና አንቺ ጨርሱት።» ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ ግን አልለዘበም። «ልጄን ማንም የማያውቀው ስም ሰጥቼው ነበር። በዚያ ስም የሚጠራው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ጠሪውም ፈጣሪው ነው። አንቺ በየማለዳው በር ላይ ታቆሚዋለሽ። በሞተበት በር። ትጠሪውና ታስከፍቺዋለሽ። ዳኛቸውም ጠርቶ ሰው አስገደለው። ልጄ ሞቶም ይሠራል። ስሙን መልሽልኝ።»

ማስተዋል እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «እመልሳለሁ፣ አባቴ። አሁኑኑ። ግን…» ወደ ዓለሚቱ ዞረች። «ወሩ ገና አልሞላም። ሥርዓቱ ከወሩ መጨረሻ በፊት መቀየር አይፈቅድም።»

ሙላቴ አንዴ ልጅቱን፣ አንዴ ኢንስፔክተሯን አዩ። የዕድሜያቸውን ያህል በዳኛ፣ በግብር ሰብሳቢና በዝናብ የተከለከሉ ሰው ናቸው፤ የከለከላቸውን ሁሉ ግን ፊቱን ያውቁት ነበር።

«የማይፈቅደው ማን ነው?» አሉ።

ዓለሚቱ አፏን ከፈተች፤ የምትጠራው ስም አጣች። ሙላቴ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣፉ፣ ዱላቸውን አጠገባቸው አኖሩ፤ መልሱ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው እንደሚቀመጠው። እሷ ስልኳን አውጥታ የሰዒድን ቁጥር ፈለገች።